«በመምህርነትም አገልግለዋል»

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የሐዘን ማስታወቂያ የምታወጡበትን ገጽ ሳላነብ ጋዜጣውን አላጥፍም። በዚህ ዕድሜ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን የእናንተን ስህተት ለማረም አይደለም። የራሴን ነው።

ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት እናት ቀበርን። 92 ዓመታቸው ነበር። ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ልጆቻቸው ለመኑኝ፤ «አንተ ጽሕፈት ትችላለህ» ብለው። እኔ እንኳ ጡረታ የወጣሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ግን እንዲህ ያለ ነገር እምቢ አይባልም። ሌሊቱን ተቀምጬ እንደ ደንቡ ጻፍኩ። የት እንደ ተወለዱ፣ ከቄስ ባለቤታቸው ጋር በተክሊል እንደ ተጋቡ፣ ስድስት ልጆች ወልደው የልጅ ልጅ እንዳዩ፣ ደግና እንግዳ ተቀባይ እንደ ነበሩ። ወደ መጨረሻው ላይ «በመምህርነትም አገልግለዋል» አልኩ።

ያቺ «ም» ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ሴትዮዋ 34 ዓመት አስተምረዋል። እኔንም በ1957 አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ቲቸር ነበር የምንላቸው። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጣት እርሳስ አይዝም። ቲቸር ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ይገቡና «መጀመሪያ እጃችሁን አሹ» ይሉናል። ስልሳ ምናምን ልጅ እጁን ሲያሽ የሚወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ጠመኔ የሚነሳው።

ጣሊያን ሲገባ የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ፊደሉን ከደብተራ አባታቸው ቤት ውስጥ ጨርሰው፣ ጣሊያን ሲወጣ ትምህርት ቤት ገቡ። ያን ጊዜ አስተማሪ መሆን የምትፈልግ ልጅ «እንደ እሷ እሆናለሁ» የምትላት ሴት ብዙ አልነበረችም። እሳቸው የሚያነሡት የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩትን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ነበር። ወይዘሮ ስንዱ በኋላ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ2001 በ93 ዓመታቸው አረፉ። ሁለቱም ያረፉበት ዕድሜ ተቀራራቢ ነው። የእሳቸውን ታሪክ ብዙ ሰው ጽፎታል፤ የቲቸር እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

የቄስ ሚስትነት ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። የዚያ ቤት በር ተዘግቶ አያውቅም። የንስሐ ልጅ ይመጣል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ይመጣሉ፣ ፍትሐት የሚያስፈታ ይመጣል። ለሁሉም ቡና ይፈላል። ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ደወል አለ። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ ስለማያገባ ሰፈሩ «ቄሱ እንደ እንቁላል ነው የሚይዟቸው» እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ ግን እንቁላሏ እንጨት ስትሸከም ነው ያየሁት።

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚለውን ተረት ደግሞ እሳቸው ፊት የማይተርት አልነበረም። ቲቸር ይስቁ ነበር። ዘይት የነካው ደብተር ይዞ የመጣን ልጅ «አጥበህ ና እንዳልልህ ሰው ይተርትብኛል» ሲሉ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በየካቲት 1966 መምህራን ሴክተር ሪቪው በተባለው የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ምክንያት ሥራ ሲያቆሙ ቲቸርም ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። ቄሱ ፈርተው ነበር አሉ። በዓመቱ የመሬት አዋጅ መጣና ቄሱ ለቤተ ክርስቲያን በማገልገላቸው ይዘው የሚያርሱት የሰሞን መሬት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ልጅ ያደገው በቲቸር ደመወዝ ነው። ይኼንንም አልጻፍኩትም።

የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ሆነ፤ ልክ በቅዳሴ ሰዓት። የመንግሥት ሠራተኛና የቄስ ሚስት ሲኮን ሁለቱም ቦታ ስም ይጠራል። ቲቸር ሌሊት ተነሥተው ያስቀድሱና ነጠላቸውን አጣጥፈው ስብሰባው ላይ ይደርሱ ነበር። አርፍደው ሲገቡ ሰብሳቢው ይገላምጣቸዋል። እሱንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው።

ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ማታ ማታ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኞችን ማስተማር ያዙ። ከሠራተኞቹ ጋር የቄሱ የንስሐ ልጆች ተቀላቀሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው የፈረሙ አሮጊቶች። እናቴ አንዷ ነበረች። የራሷን ስም ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ይዛ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረች። ለዘመቻው ዩኔስኮ በዓመቱ አገሪቱን ሸለመ። ቲቸር የደረሳቸው አንዲት የምስክር ወረቀት ናት፤ ሳሎናቸው ከቅድስት ሥላሴ ሥዕል ሥር ተሰቅላ ነበር። የሕይወት ታሪኩን ስጽፍ ፊት ለፊቷ ነበር የተቀመጥኩት።

ልጆቻቸው አልተቀየሙኝም። እንዲያውም «አሳምረህ ጻፍክልን» ብለው አመሰገኑኝ። ለቀስተኛውም ራሱን እየነቀነቀ ነው የሰማው። ግማሹ የእሳቸው ተማሪ ነበር።

አሁን ሙት ዓመታቸው ደርሷል። ጽሑፉን እንደ ገና ጀምሬዋለሁ፤ ገና አላለቀም። ቦታ ካላችሁ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አትሙልኝ። እንዲህ ይላል፦ «መምህርት ነበሩ። የቄስ ሚስትም ነበሩ።»

የቀድሞ ተማሪያቸው
ከደብረ ብርሃን