ጆሯችሁ ለሚጮህባችሁ አባሎቻችን

ጤና ይስጥልን፣ የደብረ ማርቆስና የአካባቢው አባሎቻችን!

ብዙዎቻችሁ ሌሊቱ እንደሚከብዳችሁ ነግራችሁናል። ቤቱ ጭር ሲል የጆሮ ጩኸቱ ይጎላል። ስለዚህ ፍጹም ጸጥታ አትፈልጉ። ሬዲዮ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ወይም በስልካችሁ የዝናብ ድምፅ አጫውቱ። ክረምት ላይማ ቆርቆሮው ራሱ ይበቃል። ጩኸቱን መሸፈን የለበትም፤ ትንሽ ካለዘበው በቂ ነው።

ድምፅ የሚረብሻችሁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጆሯችሁን ደፍናችሁ አትዋሉ። እንዲያ ሲሆን ጆሮ ለትንሽ ድምፅም ይባስ ስስ ይሆናል። መድፈኛውን ለወፍጮ ቤትና ለሰርግ ድምፅ ማጉያ አቆዩት። ከ85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በላይ የሆነ ድምፅ ለረጅም ሰዓት ከተሰማ ጆሮ ይጎዳል። ጥጥ ደግሞ ያን ያህል አይከላከልም። ድግስ ላይ ከስፒከሩ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም። ሕመሙ ስለማይታይ ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ።

የክብሪት እንጨት ጆሮ ውስጥ አትክተቱ፣ አደራ! የተጠራቀመ ኩክም ጩኸት ያመጣል፤ እሱን ግን ሐኪም ያውጣው።

ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም እንደ ልብ ትርታ የሚመታ ከሆነ ተመርመሩ። መስማት ድንገት ከቀነሰባችሁ ግን አታሳድሩት። ሕክምናው የሚረዳው ቶሎ ሲጀመር ነው።