ጄምስ እኮ ያዕቆብ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን የእንግሊዝኛ የሕፃናት ስሞች ዝርዝር አነበብኩት። ብዙውን ልለፈው። «ጄምስ» ላይ ስደርስ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። ትርጉሙን «መልከ መልካም» አላችሁት። ይባስ ብላችሁ «እንደ ያዕቆብ ያሉ ከባድ ስሞችን» ትተን ይህን ቀላል ስም እንድናወጣ መከራችሁን።

ጄምስ እኮ ራሱ ያዕቆብ ነው! ከዕብራይስጥ ተነስቶ፣ በግሪክና በላቲን አልፎ፣ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ ገባ። መጽሐፍ ቅዱስ ቤቱ ያለ ሰው ገልጦ ይይ። እኛ የያዕቆብ መልእክት የምንለውን እንግሊዞች የጄምስ ይሉታል። በ1603 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ላይ የነገሠውን የጄምስን ዘመን ደግሞ «ጃኮቢያን»፣ ያዕቆባዊ እንደ ማለት፣ ብለው ይጠሩታል። ትርጉሙም ከተረከዝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያዕቆብ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ነው የተወለደው። መልከ መልካሙን ከየት አመጣችሁት?

ነገሩ የሚያንገበግበኝ በራሴ ስለደረሰ ነው። የምኖረው ለንደን ነው። ልጄን በአባቴ ስም ያዕቆብ አልኩት። መዋዕለ ሕፃናት የገባ ቀን አስተማሪዋ «ስሙ ይከብደናል፣ ጄምስ ብንለውስ?» አለችኝ። አገሩን ገና አልለመድኩም፤ አፍሬ እሺ አልኩ። ኮቱን የሚሰቅልበት ላይ የቀንድ አውጣ ሥዕል ለጠፉ፤ ከሥሩ «ጄምስ» ብለው ጻፉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሰቀለ። እናቴ ይህን ስትሰማ በስልክ «የአባትሽን ስም የት ጣልሽው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለቱ አንድ ስም መሆናቸውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ለአስተማሪዋም ለእናቴም የምለው አላጣም ነበር። ዛሬ እናንተን አንብባ እንደኔ እሺ የምትል እናት ትኖራለች።

የእንግሊዞችን የራሳቸውን ስም ከፈለጋችሁ ደግሞ ሞልቷል። ኤድዋርድን ውሰዱ፤ ሀብት ጠባቂ ማለት ነው። አልፍሬድ አለ፣ ኤዲት አለች። ኖርማኖች ከፈረንሳይ መጥተው በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት የአገሬው ሰው የሚጠራባቸው ስሞች ናቸው። አንዱንም አላነሳችሁም። በየወሩ በ12 የምናከብረውን ሚካኤልን ግን ለእኛው «ማይክል» ብላችሁ አዲስ ስም አድርጋችሁ አቀረባችሁልን። ትንሽ አይከብድም?

እርማት አውጡልን። ረጅም መሆን የለበትም። «ጄምስ፦ ያዕቆብ» ብትሉ ይበቃል።

የያዕቆብ እናት
ለንደን