የማትጠልቅ ፀሐይ ለድሬ ሰው
የፊልም ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባት ዘገባ ሲባል የአባላት ብዛት፣ የስብሰባ ቀንና "ያጋጠሙ ችግሮች" ናቸው የሚጠበቁት። እነሱን በአንድ ትንፋሽ ልገላገላቸው። መስከረም ላይ 41 ተማሪ ተመዘገበ። ኅዳር ላይ 22 ቀሩ። አልደነገጥኩም። ግማሾቹ የተመዘገቡት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማራገቢያ ስላለ ነው። ጥቅምት ላይ ማራገቢያው ሲቃጠል የፊልም ፍቅራቸውም አብሮ ተቃጠለ። የምንሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስክሪናችን አንሶላ ነው። መስኮቱን የምንሸፍነው በካርቶን ነው። ችግሮቻችን ሙቀት፣ መብራትና አሁንም ሙቀት ናቸው።

የቀረውን ገጽ ለአንድ ፊልም ልስጠው። ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ግን በሌላ ፊልም ነው። ጥቅምት ላይ የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" አየን። አንበርብር ጀርመን አገር ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ገጠር እናቱ ቤት ይመለሳል። ያለፈው ነገር ከአእምሮው ጠፍቶበታል። እየቆየ በቅዠት ይመጣበታል። ልጆቹ ረዘመብን ብለው አጉረመረሙ፤ ተነስቶ የወጣ ግን የለም። ሲያልቅ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ከኋላ ወንበር "ቲቸር፣ ባያስታውስ አይሻለውም ነበር?" አለኝ። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ይህን ክበብ የያዝኩትም ሌላ የሚይዘው ስለጠፋ ነው። መልስ አልነበረኝም። መልስ ያለው ፊልም ስፈልግ ነው ሁለተኛው ላይ የወደቅኩት። እሱም መልስ የለውም።

ፊልሙ "ኢተርናል ሰንሻይን ኦፍ ዘ ስፖትለስ ማይንድ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የወጣው። ዳይሬክተሩ ፈረንሳዊው ሚሼል ጎንድሪ ነው። የፊልም ጽሑፉን የጻፈው ቻርሊ ካውፍማን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ኦስካር አግኝቶበታል። ሰሌዳው ላይ ጂም ኬሪ ብዬ ስጽፍ ክፍሉ በጭብጨባ ደመቀ። ፊቱን እንደ ላስቲክ የሚያጣምመው ሰውዬ እንዲያስቃቸው ነው የመጡት። ኬት ዊንስሌትን ደግሞ ከ"ታይታኒክ" ፊልም፣ "የመርከቧ ልጅ" ብለው ነው የሚያውቋት። ፊልሙ ለአዋቂ የተሠራ ስለሆነ አስቀድሜ ቤቴ ሁለት ጊዜ አየሁትና የሚታለፉትን ቦታዎች በደቂቃ ጻፍኩ። ወረቀቱን ያየ አንድ ባልደረባዬ "ይህን ያህል ከምትዘል ሌላ ፊልም አትመርጥም?" አለኝ። ልክ ነበር። ግን አልመረጥኩም።

ርዕሱን ወደ አማርኛ መልሱ ብዬ ሰጠኋቸው። የተወሰደው እንግሊዛዊው ገጣሚ አሌክሳንደር ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1717 ካሳተመው ግጥም ነው። ግጥሙ ከፍቅረኛዋ ተለይታ ገዳም የገባች ኤሎይዛ የምትባል ሴት ደብዳቤ ነው። እሷ መርሳት አቅቷታል። የሚረሳ ነገር በሌላቸው ደናግል ትቀናለች። (ፊልሙ ውስጥ ግጥሙን በቃሏ የምትለው የክሊኒኩ ሠራተኛ የሰውየውን ስም ገልብጣ "ፖፕ አሌክሳንደር" ስትል በአንድ ጊዜ የሮም ጳጳስ ታደርገዋለች፤ በእንግሊዝኛ የሮም ጳጳስ "ፖፕ" ነው የሚባለው። ይህን ቀልድ ለማስረዳት አሥር ደቂቃ ፈጅቶብኛል።) መጀመሪያ "የንጹሕ ልቦና ዘላለማዊ ብርሃን" ተጻፈ። "ስብከት መሰለ" ተብሎ በዳስተር ተጠረገ። ቀጥሎ "ነቁጥ የሌለበት አእምሮ የማትጠልቅ ፀሐይ" ተጻፈ። ይሄኔ አንድ የሳቢያን ሰፈር ልጅ እጁን አወጣ።

"አቦ ቲቸር! የማትጠልቅ ፀሐይ ለድሬ ሰው እርግማን ነው እንጂ ምርቃት አይደለም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጁ ግጥሙ ከእኔ በተሻለ ገብቶታል አልኩ።

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጆኤል ዝምተኛ ነው። ክሌመንታይን ጸጉሯን በየጊዜው ቀለም የምትቀባ፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። ይዋደዳሉ፣ ይሰለቻቻሉ፣ ይጣላሉ። እሷ ላኩና ወደሚባል ክሊኒክ ሄዳ እሱን ከአእምሮዋ ታስፍቀዋለች። እሱም ሲሰማ በእልህ ይከተላል። መጀመሪያ እሷን የሚያስታውስህን ዕቃ ሁሉ ለቅመህ አምጣ ይሉታል። እያንዳንዱን ዕቃ ሲያይ አንጎሉ የት ላይ እንደሚነቃ ካርታ ይነሣሉ። ሌሊት ቤቱ ተኝቶ ሳለ መጥተው ከቅርቡ ትዝታ ጀምረው ወደ ሩቁ እያሉ ያጠፋሉ። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ቅርቡ ጠቡ ነው፤ ሩቁ ፍቅሩ። ጠቡ ሲጠፋ ግድ የለውም። ደጉ ቀን ላይ ሲደርሱ "በቃ ተዉት!" ይላል። ግን ተኝቷል፤ ማን ይሰማዋል? እሷን ይዞ ወደ ልጅነቱ ይሸሻል። እሷ ወዳልነበረችበት፣ እናቱ ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛ ሥር ይደብቃታል።

ኅዳር ውስጥ ባለች አንዲት ሐሙስ ጀመርነው። ሁለቱ በረዶ በሠራ ወንዝ ላይ ተጋድመው ሰማይ የሚያዩበት ቦታ ደረስን። "እኛም ደቻቱ ላይ እንችላለን፣ በአሸዋው" አለ አንዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነውን የከተማችንን ወንዝ ማለቱ ነው። ወዲያው ልጅቷ ከጆኤል ጎን ተነጥቃ ወደ ጨለማ ጠፋች። አንሶላው ጠቆረ። ድምፁም ቀጥ አለ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ጨለማውን ማየት ቀጠሉ። እኔም አብሬ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አይቀርም። ከዚያ አንዲት ልጅ በካርቶኑ ቀዳዳ ወደ ውጭ አየት አድርጋ "ኧረ መብራት ነው የሄደው!" አለች። ላፕቶፑ ባትሪው ሞቷል፤ ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። 22 ሰው መብራት መጥፋቱን የዳይሬክተሩ ጥበብ ነው ብሎ ተመስጦ ሲያየው ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስም መብራት አልነበረም። ከዚያ ፈተና ገባ። ፊልሙን የቀጠልነው ከወር በኋላ ነው። ከመክፈቴ በፊት ወረቀት አደልኩና ያያችሁትን ጻፉ አልኳቸው። 22 ወረቀት፣ 22 ፊልም። አንዱ ጆኤል በጥፊ እንደመታት ጽፏል። አልመታትም። አንዷ ሲጣሉ እሷ እንዳለቀሰች ጽፋለች፤ ሲያለቅስ ያየነው እሱን ነው፣ መኪና ውስጥ። ጸጉሯ ላይ ሲደርሱ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ብርቱካናማ ነው። እኔም ጽፌ ነበር። ሁለት ጊዜ አይቼው ቅደም ተከተሉን አበላሽቻለሁ።

ጭቅጭቁን የፈታችው እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ያልሰማሁት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ቤታቸው መጋላ ነው። "ሁላችሁም ልክ ናችሁ" አለችና እጇን ዘረጋች። ጥፍሮቿ ጫፍ ላይ ለሰርግ የተቀባችው ሒና ቅሪት አለ። መዳፏ ላይ ያለው ለቅቆ ጥላው ብቻ ቀርቷል። "እናቴ ይህን አይታ ሰርጉ ስንት ሳምንት እንደሆነው ትነግራችኋለች። የልጅቷ ጸጉርም እንደዚህ ነው። እሷ የምትለውን ተዉትና ቀለሙን ተከተሉ።"

ተከተልን። አረንጓዴው የተዋወቁ ሰሞን ነው። ቀዩ የፍቅሩ ሰሞን። ብርቱካናማው ነገሩ መክረር ሲጀምር። ሰማያዊው ከተፋፋቁ በኋላ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው ደግሞ በሰማያዊው ነው። መጀመሪያ ብለን ያየነው መጨረሻው ነበር ማለት ነው። የፊልሙ ርዕስ እንኳ የሚወጣው ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የቀረውን ስናይ ማንም አልተደናገረም። አረንጓዴ ጸጉር ብቅ ሲል ሁሉም ባንድ አፍ "መጀመሪያው!" ብለው ጮኹ። የጥበቃው ሰውዬ ኳስ መስሏቸው መጥተው ነበር።

ጥር ላይ ተከራከርን። እንዲህ ያለ ክሊኒክ ቢኖር ትሄዳላችሁ? አብዛኛው አልሄድም አለ። አንዷ "እሱ ክሊኒክ እዚህ ቢከፈት የአማርኛ ዘፈን ግማሹ ያልቃል" አለች። እኔ ይህን ጊዜ ተመቸኝ። ትዝታ ማለት በኛ አገር ማስታወስም ነው፣ ናፍቆትም ነው፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠር ቅኝትም ነው እያልኩ ማብራራት ጀመርኩ። እያማረልኝ ነበር። "ጤዛ"ን ስናይ የጠየቀኝ ያ የ11ኛ ክፍል ልጅ አቋረጠኝ።

"እናቴን ብትጠይቃት ትሄዳለች።"

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እሱ ገና አልተወለደም። እናቱ ግን ወንዙ ዳር ነበረች። ዛሬም ክረምት ሌሊት ወደ ተራራው በኩል መብረቅ ካየች ጫማዋን አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች አለን። እዚህ አንድ ጠብታ ባይጥልም። ያኔም ውሃው የመጣው ከላይ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ደቻቱ ላይ እንተኛለን ያለው ልጅ አንገቱን ደፋ። የኔም የቅኝት ትምህርት እዚያው ቀረ። ልጁ ትንሽ ቆየና "ግን ቢያጠፉላት ጫማዋን አታደርግም" አለ። ለየትኛው ወገን እንደተናገረ እስካሁን አላወቅሁም።

የባዮሎጂ ባልደረባዬ አንድ ሐሙስ መጥቶ ነገሩ ጨርሶ ተረት እንዳልሆነ ነገረን። እ.ኤ.አ. በ2000 ከሪም ናደር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አይጦችን አንድ ድምፅ እንዲፈሩ አስለመዱ። ድምፁን መልሰው አሰምተው ፍርሃቱን ካስታወሷቸው በኋላ፣ አንጎላቸው ውስጥ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጧቸው ፍርሃቱ ጠፋ። ሳያስታውሷቸው ሲሰጧቸው ግን ምንም አልሆነም። ትዝታ ሲነሣ ይላላል፤ እንደገና መቀመጥ አለበት። ልጆቹ ፊታቸው ሲጨልም "ፋይል ከፍታችሁ ስትሠሩ፣ ሴቭ ሳታደርጉ መብራት ሲሄድ" አላቸው። ድሬ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የራሳችንን ፊልም እንሥራ አሉ። ጎንድሪ አብዛኛውን ማታለያ የሠራው በእጅ ነው። ጂም ኬሪን ጠረጴዛ ሥር የአራት ዓመት ልጅ ያስመሰለው በተጋነነ ዕቃና በርቀት ነው። እኛም ኮሪደሩ ላይ ሞከርነው። አንዱን ካሜራው አጠገብ አቆምን፣ ሌላውን 15 እርምጃ ወደ ኋላ ወሰድን። ሠራ! ግዙፍና ድንክዬ ጎን ለጎን ቆሙ። ከዚያ ፍየል መጣች። በሁለቱ መሀል ስታልፍ ከድንክዬው የምትበልጥ፣ ከግዙፉ ጉልበት የማትደርስ ፍየል ሆነች። ደግመን ልንቀርጽ ብንል ልጆቹ እምቢ አሉ። ፍየሏ ፊልሙ ውስጥ አለች።

ፊልማችን ስድስት ደቂቃ ነው። ከዚራ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው የቀረጽነው፣ ከአጥሩ ውጭ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ እስኪገባ 1917 ሆኗል። አሁን አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ውጭ ነው። አንዲት ሴት ይህን ሳትሰማ፣ ወይም ሰምታ ረስታ፣ በድሮው ጣቢያ የሚመጣ ሰው ትጠብቃለች። ታሪኩ ይኸው ነው። ሴትዮዋ የሒናዋ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ፊቷ እንዳይታይ ስለጠየቁ የሚታየው እጇ ብቻ ነው። እጅ አጥር ሲነካ። እጅ ከካርቶን የቆረጥነውን ትኬት ሲያገላብጥ። ፊቷ ቢታይ ኖሮ ይህን ያህል ያምር ነበር ብዬ አላስብም።

በረመዳን አልቀረጽንም። ጾመኛ ልጅ በጠራራ ፀሐይ አይሮጥም። የጀመርነው ከዒድ በኋላ፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ለዒድ የተቀባችው ሒና ትኩስ ነበር። በየሳምንቱ እየለቀቀ ሲሄድ ሦስት ሳምንት ቀረጽን። ኤዲት ሲደረግ ወደ ኋላ ገለበጥነው። አንሶላው ላይ ባዶ እጅ ይጀምራል። ጥላ ይወጣበታል፣ ይቀላል፣ በመጨረሻ መዳፉ ሙሉ ጠቁሮ ትኬቱን ይዞ ይታያል። ሰኔ ላይ ለወላጆች ስናሳይ የኋላ ረድፍ ያሉ እናቶች ነገሩ የገባቸው ከአባቶች ቀድመው ነው።

ያቺን የመጨረሻ ምስል የቀረጽነው በመጀመሪያው ቀን ነው። ለማንሣት ስንዘጋጅ ስልኩ "ሜሞሪ ሞልቷል" አለ። ስልኩ የቀራጫችን ነው፣ የ12ኛ ክፍል ልጅ። ልጆቹ ከበቡት። "ቪዲዮ አጥፋ፣ ፎቶ አጥፋ፣ ምን ያደርግልሃል?" ፎቶዎቹን በጣቱ እየገፋ ወደ ላይ ሄደ። ወደ ታች ተመለሰ። ፀሐይዋ እየወረደች ነው፣ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው። ስልኩን ይዞ ከአጥሩ ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህበት ነበር። ዝም አልኩ።

ሲመለስ "አጠፋሁ" አለ። ምን እንዳጠፋ ማንም አልጠየቀውም። ካሜራውን ከፍቶ እጇን ትንሽ ወደ ግራ እንድታደርግ ነገራት።