ይድረስ ለአባቴ ለየኔታ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፤ እንዴት ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትንሿ የልጅ ልጅዎ አቡጊዳን ጨርሳ መልእክተ ዮሐንስ ጀምራለች፤ እርስዎ ለእኔ እንዳስያዙኝ ስንደዶ አስይዣት ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካች ታነባለች። ወንድሟ የፊት ጥርሶቹን ነቅሎ ሲስቅ እርስዎን ይመስላል።

ወንድሜ በስልክ እንደነገረኝ ሐኪሙ ዓይንዎን የጋረደው ሞራ መሆኑን ቢነግርዎ «ድጓውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ዓይን ለምኔ» ብለው መልሰውታል። አባባ፣ የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አያልፍም፤ አብዛኛው ሰውም በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለኅዳር 22 ቀጠሮ አስይዣለሁ። እባክዎ እንቢ አይበሉኝ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዘንድሮ ለክህነት ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የማስተምረው ስለ እረኝነት አገልግሎት ነው። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ በሽተኛ ይጠይቁና የተነጋገሩትን ቃል በቃል ጽፈው ያመጣሉ፤ ክፍል ውስጥ አብረን እናነበዋለን። የዚህን መንገድ ፈር ከቀደዱት አንዱ አንቶን ቦይሰን የተባለ አሜሪካዊ ቄስ ነው። እርሱ ራሱ አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በዎርስተር የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ተቀብሎ፣ መከራ ያየውን ሰው እንደ መጽሐፍ እንዲያነቡት ማስተማር ጀመረ።

ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ «ልብ የሚለዋወጥ ነው፤ ሃይማኖት በሰው ስሜት ላይ አይቆምም» ይላሉ። እውነት አለዎት። ሕልሙን እንደ ዶግማ የሚሰብክ ሰው በዚህ ከተማ ሞልቷል፤ እኔም ለተማሪዎቼ የግል ልምድ የእምነት ምንጭ እንዳልሆነ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ። ይሁን እንጂ እርስዎ እየጠቀሱ ያሳደጉኝ ማር ይስሐቅና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉት መነኮሳት የጻፉት ታግለው ያዩትን ነው፤ ከሌላ የሰሙትን ብቻ ቢጽፉልን ኖሮ የመነኮሳት መጻሕፍት ጉባኤ የሚዘረጋላቸው አይመስለኝም። በእኛ ዘንድ ልምድ አልጠፋም፤ ትሕትና ሰወረው እንጂ። መነኩሴ ብቃቱን መሰወሩ ያስመሰግነዋል። ካህን ኀዘኑን አብሮ ሲሰውር ግን ኀዘንተኛው በማን ፊት እንደሚያለቅስ ይቸግረዋል።

ተማሪዎቼ «አንተም የራስህን አምጣ» አሉኝ። ብዕር ሳነሣ የመጣልኝ እናቴ ያረፈችበት ዕለት ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። ፍትሐቱን እርስዎ ራስዎ መሩት፤ ድምፅዎ አንዴም አልተሰበረም። ማታ ከጉባኤው ልጆች መካከል ቆሜ «የኔታ፣ ለምን ሞተች?» ብዬ ብጠይቅዎ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ፤ ሂድ ቀለምህን ቀጽል» አሉኝ። እኔም ቀጸልሁ። በልጆቹ ፊት እንደ ማንኛውም ተማሪ «የኔታ» ብዬ እንድጠራዎ ያዘዙኝ እርስዎ ነበሩና በዚያ ምሽት እንኳ «አባባ» ለማለት አልደፈርሁም። ይህን ቅር ብሎኝ እንደኖርሁ ዛሬ ልንገርዎ።

በነጋታው ግን አንድ ነገር አየሁ። በግዕዝ ስልት የሚዜመውን ዜማ በእዝል ስልት ጀመሩት። ሲሳሳቱ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ሁሉ ራሱን ደፋ፤ ሊያርምዎ የደፈረ አልነበረም። እርስዎም በድንገት ቆሙና ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው መሩን።

ያን ስሕተት ሠላሳ ዓመት ስተረጉመው ኖርሁ። አንድም ድካም ነው፤ አንድም ሌሊቱን ሲያለቅሱ አድረው ነው፤ አንድም እኔን እንዲያ በመሸኘትዎ ልብዎ ወቅሶዎት ነው። የቃሉ ባለቤት በሕይወት ሳለ ትርጓሜው በእኔ ግምት ብቻ እንዲቀር አልፈልግም። ገና ዲያቆናት የሆኑ ልጆችን «በሞት ፊት ምን ተሰማችሁ?» እያልሁ እያስጨነቅሁ አባቴን አለመጠየቄ ያሳፍረኛል። ትናንት ትንሿ «በዓይኖቻችን ያየነውን፣ እጆቻችንም የዳሰሱትን» ከሚለው ስትደርስ ስንደዶዋን አቁማ «አያትየም ይህን አስተማሩህ?» አለችኝ። አዎ፣ በዚሁ አስጀመሩኝ አልኋት።

እኔን የሚያሳስበኝ ዓይንዎ ብቻ እንዳልሆነ ሳይገባዎት አይቀርም። አውቶቡሱ ሌሊት ስለሚነሣ ወንድሜ ከዋዜማው ጀምሮ ከተማ ይዞዎት ይደር፤ የኅዳር ብርድ ክፉ ነውና ጋቢዎን ደርበው ይምጡ። ወንድሜ ያኔ ጡት አልጣለም ነበርና ይህን ሲያነብልዎ ለእርሱም አዲስ ነገር ነው፤ ቢከብደው አይቆጡት። መልሱንም በእርሱ እጅ አያስጽፉብኝ፤ መጥተው በአፍዎ ይንገሩኝ።

ልጅዎ