ለልጄ፦ ስለ ላክሽልኝ የስልክ ሙዚቃ

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ስልክ የሠራሽውን ሙዚቃ ከኮሎኝ ወደ ዱሴልዶርፍ ጭነት ሳደርስ ደጋግሜ ሰማሁት። የምቱና የድምፆቹ አቀማመጥ አኩርቶኛል። ነገር ግን በመካከሉ ስልክ ሰውን ከሰው ለየ የሚለው ንግግር ሲመጣ፣ ፍርዱ ከድምፁ ቀድሞ እንደ ደረሰ ተሰማኝ፤ ሐሳቤን በቅጡ እንድትረጂልኝ ብዬም በጽሑፍ አደረግሁት።

እዚህ ዱሴልዶርፍ፣ ከዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ በሚንትሮፕ ጎዳና፣ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃው የሚታወቀው ክራፍትቨርክ የተባለው የጀርመን ቡድን ክሊንግ ክላንግ የሚባል ስቱዲዮ ነበረው። መሥራቾቹ ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1974 «አውቶባን» በተሰኘው ሥራቸው፣ እኔ እንጀራዬን የማገኝበትን አውራ ጎዳና ከ22 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ሙዚቃ አደረጉት። የሚጀምረው የመኪና በር ተዘግቶ ሞተር ሲነሳ ነው። መንገዱን አያወግዙትም፤ ረጅሙን ጉዞ እንዳለ ያሰሙሽና ፍርዱን ላንቺ ይተዉልሻል።

በዚያው ሙዚቃ መግቢያ ላይ የሚሰማው ማሽን የመሰለ የሰው ድምፅ የመጣው ቮኮደር ከሚባል መሣሪያ ነው፤ ይህም መሣሪያ የተወለደው ከስልክ ሥራ ነው። ሆመር ደድሊ የተባለ መሐንዲስ በአሜሪካው ቤል ቤተ ሙከራ ንግግርን ጨምቆ በጠባብ መስመር ለማሳለፍ ሲጥር የፈጠረው ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የመሪዎችን የስልክ ንግግር በምስጢር ለመጠበቅ አገልግሏል። መሣሪያው ድምፅን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ክፍል ጉልበት ይለካል፤ ከዚያም ልኬቱ በሌላ ድምፅ ላይ ይጫንና ያ ሌላ ድምፅ ይናገራል። ሙዚቀኞቹ በዚያ በሌላው ድምፅ ቦታ ሲንተሳይዘር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ፣ አስገቡበት።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም የእጅ ስልክ ድምፃችንን ጨምቆ ነው የሚልከው፤ ኔትወርክ ሲደክምም ድምፁ ይቆራረጥና እንደ ብረት ይሆናል። አንቺ ፊደል ስትቆጥሪ የሰማሁሽ በዚያ ድምፅ ነበር። «ሀ ሁ ሂ» ብለሽ መስመሩ ይቋረጣል፤ እንደገና ስደውል «ሃሎ፣ አባዬ፣ ይሰማሃል?» ትዪና ካቆምሽበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። በሙዚቃሽ ውስጥ የመልእክት ማስታወቂያ ድምፆች በዝተዋል፤ ይህ ግን የለም። ስልክ ሰውን ይለያል የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔና አንቺን ግን ያገናኘን እሱ ነው፣ ሁለቱም እውነት በአንድ ሙዚቃ ውስጥ ሊሰማ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ትችትሽን ተዪ ማለቴም አይደለም። ለእኔ ከክራፍትቨርክ ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው፣ ኮምፒውተር ገና በየቤቱ ባልገባበት በ1981 ያወጡት «የኮምፒውተር ዓለም» ነው። እዚያ ውስጥ ፖሊሱ፣ ባንኩና ግብር ሰብሳቢው መረጃችንን እንደያዙት በጀርመንኛ ረጋ ብለው ይዘረዝራሉ፤ ቁጣ የለበትም፣ ዝርዝሩ ራሱ ያስደነግጣል። በዚያው አልበም ውስጥ ብቻውን ስክሪን ላይ አፍጥጦ ጓደኛ የሚመኝ ሰው አለ፤ ዜማው ግን ሲበዛ የሚያሳዝንና የሚያምር ነው። በ1975 ስለ ሬዲዮና ስለ ጨረር በአንድነት ያዜሙትንም ሥራ፣ ከቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ በ1991 እንደገና ሲያወጡት ጨረሩ ይቁም የሚል ግልጽ ጥሪ ጨመሩበት። ፍርዱ በጊዜው መጣ።

በማሽን የተሠራ ሙዚቃ የእኛ አይሆንም የሚሉሽን ሰዎች በተመለከተ ብዙ አልልም። የእኛው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የሠራውን አልበም አሰሚያቸው፤ ትዝታም አምባሰልም በኤሌክትሪክ አይጠፉም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው፦ ንግግሩን አውጪውና በቦታው የተቆራረጠውን ጥሪ አስገቢ። እናትሽ በአሮጌው ስልኳ ያስቀረችው የልጅነት ድምፅሽ ካለ ጠይቂያት። እኔም በበኩሌ የመንገድ መሪው መሣሪያ በጀርመንኛ ሲያዝዘኝ፣ የመኪናውን ፍሬንና ማታ ማረፊያ ቦታ ላይ የሚጮኸውን የማቀዝቀዣ ሞተር ቀርጬ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፤ የሚጠቅምሽን መርጠሽ ተጠቀሚ። እናትሽንና ወንድምሽን ሰላም በይልኝ።

አባትሽ