ለእታለም፦ ስለ ኮምፒውተሩ ምርጫ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፤

እታለም፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽው መልእክት ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብሁት። ከሽሮ ሜዳ እያወጣሽ በቴሌግራምና በቲክቶክ የምትሸጪው ቀሚስና ነጠላ ገበያው እየሰፋ መምጣቱ ሁላችንንም ደስ አሰኝቶናል፤ ትእዛዙ በስልክ ብቻ የማይያዝ መሆኑንና የአንዷ ደንበኛ ልክ ከሌላዋ ጋር እየተምታታ መቸገርሽን ግን ሳነብ፣ ኮምፒውተር ለመግዛት መቁረጥሽ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። «አዲስ ከዚሁ ልግዛ ወይስ አንተ ያገለገለ ትልክልኛለህ?» ላልሽው በስልክ በችኮላ ከመመለስ ይልቅ በጽሑፍ ማስፈር መረጥሁ። እንጀራዬ ከመሥሪያ ቤቶች የሚወጡ ኮምፒውተሮችን መርምሮና ጠግኖ መልሶ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ስለ ሆነ፣ የምነግርሽ በየቀኑ በእጄ የሚያልፈውን ነው።

በመጀመሪያ በፎቶ የላክሽልኝን የሁለቱን ላፕቶፖች መግለጫ ልመልከት። ርካሹ አዲስ ላፕቶፕ ሴሌሮን የሚባል አነስተኛ አቅም ያለው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አእምሮ)፣ 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞችን የሚይዝ ጊዜያዊ ማኅደር) እና 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ያለው ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛ መሥፈርት ብሎ ያስቀመጠው ይኸንኑ 4 እና 64 ጊጋባይት ነው፤ ይህም ማለት ማሽኑ ዊንዶውሱን አስነሥቶ ለማቆም የሚያስፈልገውን ብቻ ይዟል እንጂ፣ አንቺ በአንድ ጊዜ የምትከፍቻቸውን ቴሌግራምን፣ ብራውዘርን፣ የሒሳብ መዝገብሽንና የፎቶ ማስተካከያውን የሚሸከምበት ትርፍ የለውም ማለት ነው። በዚህ ዓይነቱ ማሽን ላይ ራሙም ማስቀመጫውም ብዙ ጊዜ ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ፣ ነገ ሥራሽ ሲያድግ አብሮ ሊያድግ አይችልም። አዲስ መሆኑ ብቻ እንዳያታልልሽ እለምንሻለሁ።

ልጅሽ የወደደው የጌም ላፕቶፕ ደግሞ ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ያ ጉልበት ለአንቺ ሥራ የሚያገለግል አይደለም። ክብደቱ ከሽሮ ሜዳ ቤት ድረስ ለመመላለስ ያስቸግራል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ቻርጀሩ ትልቅ ኃይል የሚስብ በመሆኑም መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ላቆየው ብትዪ አይሳካልሽም። ልጁ ነገሩን እንዲረዳው እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ።

እኔ የመረጥሁልሽ ለመሥሪያ ቤቶች ተብለው ከሚሠሩት ላፕቶፖች አንዱን፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480 የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ስለሆነ ስታዪው ውበት የለውም፤ ጥቁርና ወፍራም ነው። ሆኖም ስለ አንቺ ሁኔታ ሳስብ በመጀመሪያ የመጣልኝ መብራቱ ነበር። ቲ 480 ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ 24 ዋት ሰዓት (የባትሪ ኃይል መለኪያ ነው) የሚይዝ ሆኖ በውስጡ የተቀመጠ ነው፤ ሁለተኛው ከኋላ የሚሰካና የሚነቀል ሲሆን ትልቁ ዓይነት 72 ዋት ሰዓት ይይዛል። የኋላው ባትሪ ሲያልቅ ማሽኑን ሳታጠፊ ነቅለሽ በሌላ ሙሉ ባትሪ ልትተኪው ትችያለሽ፤ በዚያች ቅጽበት የውስጡ ባትሪ ሥራውን ያስቀጥላል። ቀኑን ሙሉ መብራት ባይኖር እንኳ አንድ ትርፍ ባትሪ በመሳቢያሽ ካለ ትእዛዝ መቀበልሽ አይቋረጥም። ዴስክቶፕ ቢሆን ግን መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ያላስቀመጥሽው ሥራ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ያንን ለመከላከል ዩፒኤስ የሚባለውን፣ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ መግዛት ግድ ይሆናል፤ እርሱም የሚያቆይሽ ሥራሽን ሴቭ አድርገሽ እስክታጠፊው ያህል ነው።

መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋውን ዋይፋዩንም አስቢበት። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ደንበኛ መልስ አታገኝም። ለራውተሩ የሚሆን ትንሽ ሚኒ ዩፒኤስ መግዛት ወይም የስልክሽን ዳታ በሆትስፖት ለላፕቶፑ ማካፈል ይቻላል፤ ከኢትዮ ቴሌኮሙ ሲም ሌላ የሳፋሪኮም ሲምም ቢኖርሽ፣ አንዱ ኔትወርክ ሲደክም በሌላው ትሠሪያለሽ። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ቻርጀሩን በስታቢላይዘር በኩል እንጂ በቀጥታ በተራ ዲቫይደር ላይ አትሰኪው። ቻርጀሩ ራሱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከአሜሪካ መምጣቱ አያሳስብሽ፤ የሶኬቱ እግር ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደ ክቡ የሚቀይረውን ገመድ አብሬ እልካለሁ።

የአክስታችን ልጅ ማክቡክ ኤር ኤም 1 ይሻላል ማለቷን ጽፈሽልኛል። ምክሯ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው ያ ማሽን ባትሪው ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ማራገቢያ ስለሌለው ድምፅ አያሰማም፣ ስክሪኑም ቀለምን በማሳየት ከቲ 480 በግልጽ ይበልጣል። እኔን ያስፈራኝ ብልሽት የመጣ ቀን የሚሆነው ነው። ራሙና ማስቀመጫው ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ ቦርዱ ከተበላሸ በውስጡ ያለው የደንበኞችሽ መዝገብም የፎቶዎችሽ ክምችትም አብሮ ሊቀር ይችላል። ቲ 480ን ግን የታችኛውን ክዳን ብሎኖች ፈትቶ ራሙንም፣ ኤስኤስዲ የሚባለውን ማስቀመጫውንም፣ ኪቦርዱንም መለወጥ ይቻላል፤ ኤስኤስዲው ተነቅሎ በሌላ ማሽን ላይ ሊነበብም ይችላል። በመርካቶም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚሠራ አንድ ጎበዝ ጠጋኝ ያለ ልዩ መሣሪያ የሚይዘው ማሽን ነው። ከእኔ ርቀሽ የምትሠሪ በመሆንሽ፣ ሲበላሽ በአቅራቢያሽ ሰው ሊጠግነው የሚችለውን ማስቀደም አለብኝ።

ስለ ስክሪኑ ግን የማልደብቅሽ ጉድለት አለ። ቲ 480 በተለያየ ስክሪን ስለተሠራ፣ 1366 በ768 የሆነው ዓይነት ወደ ጎን ዘወር ሲሉ ቀለሙ የሚለዋወጥ ነውና ጨርሶ አልፈልግልሽም፤ 1920 በ1080 የሆነውንና አይፒኤስ የሚባለውን ነው የምልክልሽ። ይህም ቢሆን የሚያሳየው የቀለም ስፋት ጠባብ ነው፤ ደማቅ ቀይ ጥለት የደበዘዘ ሊመስልሽ፣ ወይን ጠጁና ቡኒው ሊቀራረቡብሽ ይችላሉ። የአንቺ ዕቃ የሚሸጠው በጥለቱ ቀለም ነው፤ ደንበኛዋ በፎቶ ያየችው አረንጓዴ እጇ ሲደርስ ሌላ አረንጓዴ ከሆነ ቀሚሱ ይመለሳል፣ ስምሽም ይጎዳል። ስለዚህ የቀለም ፍርድ በላፕቶፑ ስክሪን አይሰጥ። ፎቶውን በላፕቶፑ ካስተካከልሽ በኋላ ወደ ስልክሽ ልከሽ፣ ጨርቁን ራሱን በቀን ብርሃን አጠገቡ ይዘሽ አመሳክሪው፤ ደንበኞችሽም የሚያዩት በስልክ ነውና የሚሻለው ዳኛ እርሱ ነው። በዊንዶውሱ ላይ ናይት ላይት የሚባለው ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው አገልግሎት ፎቶ ስትሠሪ መጥፋቱን አረጋግጪ። ሥራሽ ሲጠነክር ቀለሙ የታመነ ትልቅ አይፒኤስ ሞኒተር ገዝተሽ በገመድ ታገናኚዋለሽ።

ነጭ ሸማ ፎቶ ማንሣት ከሁሉ የሚከብደው ነው። ካሜራው ነጩን ክፍሉን ባበራው መብራት ቀለም ስለሚያይ፣ አንዱን ቀሚስ ሰማያዊ፣ ሌላውን ቢጫ አድርጎ ያወጣዋል። በመስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት፣ የክፍሉን አምፖል አጥፍተሽ አንሺ፤ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከጨርቁ ጎን አስቀምጪ፤ በኮምፒውተር ስታስተካክዪ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ አስተካክለሽ ያንኑ ልክ ለቀሩት ፎቶዎች ሁሉ ተጠቀሚበት። ከስልክ ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪ፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው የጥልፉ ዝርዝር ይጠፋል።

ስለ ሌላው ነገር ባጭሩ ልጻፍልሽ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 ሆኖ 8ኛ ትውልድ መሆን አለበት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ዊንዶውስ 11 የግድ ነው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ቲ 480 ከሚባሉት መካከል 7ኛ ትውልድ የሆኑም ስላሉ ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር በ8 መጀመሩን፣ ለምሳሌ 8250 ወይም 8350 መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ራሙ 16 ጊጋባይት ይሆናል። በአሁኑ ወቅት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ስለናረ፣ ከነ ራሙ የሚሸጥ ያገለገለ ማሽን ባዶውን ገዝቶ ከመሙላት ይሻላል። ማስቀመጫው 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይሁን፤ ፎቶው ብዙ ቦታ አይወስድም፣ ነገር ግን በ4ኬ የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በአይፎን 170 ሜጋባይት ያህል ይደርሳል፤ ለቲክቶክ በየቀኑ የምትቀጂው ሲጠራቀም ቀላል አይሆንም።

ክራክ የሚሉትን፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ፕሮግራም ማንም እንዳይጭንልሽ አደራ እላለሁ። የምልክልሽ ማሽን ሕጋዊ ዊንዶውስ ከነ ፈቃዱ አለው፤ ለሒሳቡና ለትእዛዝ መዝገቡ እንደ ኤክሴልና ወርድ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ በነጻ ይገኛል። በክራክ ውስጥ ተደብቀው ከሚገቡ ቫይረሶች ብዙዎቹ ዓላማቸው የይለፍ ቃል መስረቅ ነው፤ አንቺ ደግሞ ደንበኞችሽ ሁሉ ያሉበትን የቴሌግራም ቻናል በዚያ ኮምፒውተር ላይ ትከፍቻለሽ። ቴሌግራምሽ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ አብሪው። ቴሌብሩንም ሆነ የባንኩን መተግበሪያ በስልክሽ ብቻ ተጠቀሚ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰፍረው ገንዘቡ መግባቱ ብቻ ነው። መዝገቡን እኔ አዘጋጅቼ እጭንልሻለሁ፤ የደንበኛዋ ስም፣ ልኳ፣ የጥለቱ ዓይነት፣ የተቀበልሽው ቀብድ፣ ቀሪው ሒሳብ፣ ሥራውን የያዘው ሸማኔና የማስረከቢያው ቀን በአንድ ረድፍ ይሰፍራሉ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ማታ መዝገቡንና ፎቶዎቹን ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ገልብጪ፤ ዲስኩንም ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አታስቀምጪው።

ምናልባት ከእኔ ሳይደርስ እዚያው ቲ 480 ርካሽ ሆኖ ብታገኚ፣ ከመክፈልሽ በፊት እነዚህን እዪ። ሲነሣ የቀድሞ መሥሪያ ቤት ስም ወይም የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ ተዪው፤ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም) የተቆለፈበትን ማሽን መክፈት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ ስላለው ሻጩ እንዲያወጣልሽ ጠይቂ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ከግማሽ በታች ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከጠቅላላው ላይ እንዲቀነስ ተደራደሪ። የታይፕ ሲ መሰኪያውንም ቻርጀር ሰክተሽ ሞክሪ፤ የዚህ ሞዴል መሰኪያ ፈርምዌሩ (በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ካልታደሰ የሚበላሽበት ጊዜ አለ። እኔ የምልከውን ግን አድሼ ነው የማስረክበው።

የምልከው ለፋሲካ በሚመጡት ጎረቤታችን እጅ ነው። ላፕቶፑም ትርፍ ባትሪውም በእጅ ሻንጣ እንዲያዙ ነግሬአቸዋለሁ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም፤ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ ግን በእጅ ለመያዝ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ቀን ነው፤ ማሽኑ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲደርስሽ ስለምፈልግ፣ እስከዚያው የያዝሻቸውን ትእዛዞች በደብተር ላይ ሙሉ ለሙሉ ገልብጠሽ ቆዪኝ፤ ስልክ እየደወልሁ አብረን ወደ መዝገቡ እናስገባቸዋለን። ሰፈራችሁ መብራት ሲጠፋ በአብዛኛው ስንት ሰዓት እንደሚቆይና የስልክሽን ሞዴል ጻፊልኝ፤ የትርፍ ባትሪዎቹን ብዛትና የሚያስፈልግሽን ገመድ የምወስነው በዚያ ነው።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም በያሉበት ሰላም በዪልኝ።

አክባሪሽ ወንድምሽ