ስቲም ላይ አትግዛልኝ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ሰላም ነው? እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። እናትህን በፋሲካ ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው፣ ብላ ብላ እያሉ አስጨንቀውኝ ነው የለቀቁኝ። ስላንተ ሲነሳ «ልጁ ሥራ በዝቶበት ነው» ይላሉ። እኔ እንደሳቸው ደግ ስላልሆንኩ ጠፍተሃል ነው የምለው። በእርግጥ እኔም ጠፍቻለሁ፤ ተያይዘን ነው የጠፋነው፣ ስለዚህ ሂሳቡን እንዝጋው።

ቴሌግራም ላይ የላክኸውን አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለህ ከርመህ «ስቲም ላይ የትኛውን ጌም ልግዛልህ?» ብለህ ብቅ! ይሄ ካንተ ውጪ ከማንም አይጠበቅም። መልሱ አጭር ነው፦ ጌም ከሚሸጡት ድረ ገጾች ስቲም ላይ አትግዛልኝ፣ ጎግ ላይ ግዛልኝ። የሚረዝመው ምክንያቱ ነው። (ወሩንም ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነህ የኛውን ሳትረሳው አትቀርም።)

እኛ ያደግነው ኮፒ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤቷን ታስታውሳታለህ አይደል? ቺፕ የተገጠመላት ፒኤስ ቱ፣ የጌሙ ስም በማርከር የተሞነጫጨረባቸው ዲቪዲዎች። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ሀርድ ዲስክ ተሸክሞ ጌም የሚጭኑ ልጆች ጋ መሄድ ነበር። ኦሪጅናል የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም። ፈረንጆቹ ስለ ዲአርኤም (ያልገዛ እንዳይጫወት ጌሙ ላይ ስለሚገጠመው ቁልፍ) ሲንጫጩ ግራ የሚገባን ለዚህ ነው፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ጌም ቁልፉ ሌላ አገር ተሰብሮ፣ ክራኩ (ቁልፉን የሚያልፈው ፋይል) አጠገቡ ተቀምጦለት ነው።

አሁን ግን እገዛለሁ። አትሳቅ። ዱባይ ያለው የአጎቴ ልጅ በካርዱ ይገዛልኛል። ስቲም በብር አይሸጥም፣ ዋጋው በዶላር ነው። 60 ዶላር የሚባለው ጌም በ2024 ክረምት ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 3,500 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። እና ጌመሮቹ ለምን እንደሚናደዱ የገባኝ ያኔ ነው፣ ከኪሴ ማውጣት ስጀምር።

በ2008 የወጣውን ስፖር የሚባል ጌም ውሰድ። አሳታሚው ኢኤ ሴኩሮም የሚባል ቁልፍ ገጠመበትና የገዛ ሰው ሶስት ጊዜ ብቻ ነው አክቲቬት ማድረግ የሚችለው አለ። ኮምፒውተር ከቀየርክ፣ ሌላ ከጨመርክ፣ አራተኛው ላይ ደውሎ መለመን ነው። ሰው አማዞን ላይ ወጥቶ ባለ አንድ ኮከብ አስተያየት በሺህ የሚቆጠር ጻፈበት። ኢኤ ቁጥሩን ወደ አምስት ከፍ አደረገ። ያው ጌም ግን በዚያው ዓመት በቶረንት (ሰው ፋይል በነፃ በሚለዋወጥበት መንገድ) በብዛት ከወረዱት አንደኛ ሆነ፣ ቶረንትፍሪክ የሚባለው ድረ ገጽ ነው ዝርዝሩን ያወጣው። የተሰረቀው ኮፒ ደግሞ ሶስት አይል አምስት፣ እንዳሻህ ትጭነዋለህ። ዘበኛው ሌባውን በጓሮ አሳልፎ የቤቱን ባለቤት በር ላይ መታወቂያ ሲጠይቅ ማለት ነው።

ሌላው ጌም ሠሪ ዩቢሶፍት በ2010 ባሰ። አሳሲንስ ክሪድ 2ን ኮምፒውተር ላይ ለመጫወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኢንተርኔት መኖር አለበት፤ መስመሩ ለአፍታ ከተቋረጠ ጌሙ ባለበት ቀጥ ይላል። ብቻህን የምትጫወተው ጌም እኮ ነው! በመጋቢት ሰርቨሮቹ (ጌሙ የሚገናኛቸው የኩባንያው ኮምፒውተሮች) ጥቃት ደረሰባቸውና ከፍለው የገዙት ሰዎች ቁጭ ብለው ተመለከቱ። ፈረንጅ አገር ይሄ የሁለት ቀን ብስጭት ነው። እኛ ጋ አስበው። በ2020 ሰኔ መጨረሻ ላይ አገሩ በሙሉ ኢንተርኔት የተዘጋበትን ጊዜ አንተ እዚያ ሆነህ «ደውዬ ደውዬ አጣኋችሁ» ያልከውን አስታውስ፤ ወደ ሶስት ሳምንት ነው የቆየው። ያን ሰሞን ገዝቼው የነበረ አንድ ጌም፣ ስሙን አልጠራም፣ «ከሰርቨር ጋር መገናኘት አልተቻለም» እያለ ደጅ አስጠናኝ። ከድሮ ጀምሮ ሀርድ ዲስኬ ላይ የተኙት ክራኮች ግን ያለ ምንም ጥያቄ ተከፈቱ። የገዛሁት እምቢ አለ፣ ያልገዛሁት ሠራ። ከዚያ በኋላ ስለ ዲአርኤም ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

ከተማ የምትገነባበት የኢኤ ጌም፣ የሲምሲቲ ታሪክ ደግሞ ውሸትም አለበት። በ2013 ሲወጣ ሰርቨሩ ተጨናንቆ ሰው ለቀናት መግባት አቃተው። ኩባንያው ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፣ ብዙው ስሌት ሰርቨር ላይ ነው የሚሠራው አለ። ትንሽ ሳይቆይ ኮድ የሚነካካ አንድ ተጫዋች ያለ ሰርቨር እንደሚሄድ አሳየ። በዓመቱ ኦፍላይን መጫወት በይፋ ተፈቀደ። አይሠራም የተባለው ማለት ነው።

አሁን ከዲአርኤሞቹ ትልቁ ስም ዴኑቮ ነው። የኦስትሪያ ነው፣ በ2014 ከፊፋ 15 ጋር ነው የታየው። እሱ ላይ ያለው ጥላቻ ልዩ ነው፤ ስቲም ላይ የጌሙ ገጽ «ዴኑቮ አለበት» ካለ ያንን ብቻ አይቶ ገጹን የሚዘጋ ሰው አለ። አንዳንዴ ያጋንናሉ፤ ኮምፒውተሩ ያረጀበት ሁሉ ዴኑቮ ነው ያዘገየብኝ ይላል። ግን የ2021ዱ ሬዚደንት ኢቭል ቪሌጅ አለልህ። ገዢዎቹ ዞምቢ ሲተኩሱ ጌሙ ይንገጫገጫል ብለው ያማርሩ ነበር። ክራኩ ሲወጣ መንገጫገጩ ጠፋ። ጌም እንዴት እንደሚሄድ የሚለካው ዲጂታል ፋውንድሪ ለክቶ እውነት መሆኑን አረጋገጠ፣ ሠሪው ካፕኮምም ማስተካከያ አወጣ። አስበው፣ ሌባው ከገዢው የተሻለ ጌም ሲጫወት ከርሟል።

እንዲህ ስልህ ኩባንያዎቹ ዝም ብለው ያበዱ እንዳይመስልህ። በዴኑቮ ጌሞች ላይ የተሠራ በ2024 የወጣ ጥናት አለ፤ ጌሙ እንደወጣ ክራክ ከተደረገ ገቢው በአማካይ ወደ 20 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ያ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፣ ሰው ከሥራ የሚባረርበት ነው። ያው ጥናት ግን ከ12 ሳምንት በኋላ ክራክ ቢደረግ ጉዳቱ ኢምንት ነው ይላል። እና የኔ አቋም ይሄው ነው፦ ሶስት ወር ይቆልፉት፣ እሺ። ከዚያ ይክፈቱት። ብዙዎቹ ቆየት ብለው ያነሱታል፤ ዓመታት አልፈውም የማያነሱት አሉ፣ ለነሱ የምሰጠው ምክንያት አጥቻለሁ።

አሁን ወደ ስቲም ልምጣ። ስቲምም እኮ ራሱ ቁልፍ ነው። በ2004 ሃፍ ላይፍ 2 ሲወጣ ሲዲውን ከሱቅ የገዛው ሰው ሁሉ ስቲም ጭኖ በኢንተርኔት ካላስመዘገበ አይከፈትለትም ነበር፤ ሰው ያልወረደበት እርግማን የለም። ዛሬ ያው ሰው «ስቲም ላይ ካልወጣ አልገዛም» ይላል። የስቲም ባለቤት የቫልቭ አለቃ ጌብ ኒውል በ2011 ስርቆት የዋጋ ሳይሆን የአገልግሎት ችግር ነው ብሎ ነበር፣ ምሳሌው ደግሞ ሩሲያ ነበረች፤ ሁሉም «እዚያ ማን ይገዛል» የሚላት ሩሲያ ያኔ ጥሩ ገበያ ሆናለት ነበር። ልክ ነው። ቅናሹ አለ፣ አፕዴቱ በራሱ ይመጣል፣ ከ2015 ጀምሮ ገንዘብህን የምታስመልስበት መንገድ አለ፣ ኮምፒውተር ብትቀይር ላይብረሪህ ይከተልሃል። ቁልፉ ራሱ ልል ነው፤ ቫልቭ ለጌም ሠሪዎች በጻፈው መመሪያ ላይ የኛ መቆለፊያ ብቻውን ስርቆት አይከላከልም ብሎ በግልጽ አስቀምጦታል። ሰውን ያሰረው ምቾቱ ነው። እኔንም ጨምሮ፣ ዝም ብዬ ንጹህ ሰው ልምሰልህ አልልም፤ ቅናሽ በመጣ ቁጥር ዱባይ እደውላለሁ።

ታዲያ ስቲምን ምን ጎድሎት ነው ትለኛለህ። መጀመሪያ ሄልዳይቨርስ 2ን ልንገርህ፣ ይሄኛው እኛንም የነካ ነው። በ2024 ግንቦት መጀመሪያ ላይ አሳታሚው ሶኒ ጌሙን ስቲም ላይ የገዛ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት ማገናኘት አለበት አለ። የፕሌይስቴሽን አካውንት ደግሞ በኢትዮጵያ አይከፈትም። እዚህ አገር ፒኤስ ያለው ሰው ሁሉ በአካውንቱ የለንደን ወይም የአሜሪካ ነዋሪ ነው፣ አንተ በእውነት ሄደህ ያገኘኸውን እኛ በፎርም ሞላነው። ጌሙ ከ170 በላይ በሆኑ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወረደ፣ የኛም ውስጡ ነበረች። ከዚያ የሆነው ነገር ደስ ይላል፦ አካውንት መክፈት የማይቸግራቸው አሜሪካኖችና አውሮፓውያን ጭምር ተነሱ። ከ200,000 በላይ መጥፎ አስተያየት በጥቂት ቀን ውስጥ ተጻፈ፣ ሶኒም ሐሳቡን አነሳ። ሽያጩ ግን እኛ ጋ ወዲያው አልተከፈተም። ማስታወስ ያለብህ ይሄ ነው፤ ጌሙ ከተሸጠ ከሶስት ወር በኋላ ነው ግዴታውን ሊያስፈጽሙ የተነሱት።

ቀጥሎ ዘ ክሩው። በ2014 የወጣ የመኪና ጌም ነው፣ ብዙው ክፍል ብቻህን የምትነዳበት። ዩቢሶፍት መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋ፣ ከሰዎች ላይብረሪ ውስጥም ፈቃዱን አነሳው። ገዝተኸዋል፣ የለም። ሮስ ስኮት የሚባል ዩቲዩበር ከዚህ ተነስቶ «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ የአውሮፓ ኅብረት ላይ የቀረበው ፊርማ በ2025 ሐምሌ ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። የሚጠይቁት ቀላል ነው፦ ጌሙን መደገፍ ስታቆሙ የገዛው ሰው መጫወት እንዲችል አድርጋችሁ ሂዱ።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2025 ጥር ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አወጣች፤ ዲጂታል ዕቃ «ግዛ» እያለ የሚሸጥ ደንበኛው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። ስቲምም መክፈያው ላይ ጻፈው። ሄደህ እየው፣ ጌም ልትከፍል ስትል ታገኘዋለህ። ስቲም አካውንትህንም በኑዛዜ ለልጅህ ማውረስ አትችልም፣ በ2024 የጠየቃቸው ሰው የተመለሰለት ይሄ ነው። የኛ አባቶች ራዲዮ እንኳን አውርሰው የለም?

ጎግ በሕግ ደረጃ ከዚህ ብዙ አይለይም፣ እሱም ፈቃድ ነው የሚሰጥህ። ልዩነቱ ኢንስታለሩን (የጌሙን መጫኛ ፋይል) አውርደህ የትም ማስቀመጥ መቻልህ ነው። ፖላንዶች ናቸው፣ ዊቸር የሚባለውን ጌም የሠሩት ሰዎች የመሠረቱት ነው፣ ከ2008 ጀምረው ያለ ዲአርኤም ይሸጣሉ። ዊቸር 3 ምንም ሳይቆለፍ ጎግ ላይ ተሽጦ፣ በሁሉም መድረክ ሲደመር ከ50 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ሄዷል፤ ካልቆለፍን እንከስራለን ለሚሉት ይሄን እጠቅስላቸዋለሁ። ደንበኞቹም ቀልድ አያውቁም። በ2021 ሂትማን የሚባለው ጌም እዚያ ሲገባ ብዙው ነገሩ ኢንተርኔት ይፈልግ ነበርና እስኪወርድ ድረስ በመጥፎ አስተያየት አጥለቀለቁት። ጉድለቱ አዳዲሶቹ ትልልቅ ጌሞች ብዙዎቹ አለመምጣታቸው ነው። እሱን ተቀብያለሁ።

ስለዚህ የምፈልገው ባልዱርስ ጌት 3 ነው። አትቸኩል፣ ቅናሽ ሲመጣ ግዛው። ስጦታውን በኢሜይል ላክልኝ፣ አካውንቴ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ከዚያ ፓስወርዱን በስልክ እነግርሃለሁ። ጌሙ 150 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፣ እዚህ ሆኜ ላውርደው ብል ፓኬጅ ስገዛ ልኖር ነው። አንተ በዚያ ፈጣን ኢንተርኔት ኢንስታለሩን አውርድና ሀርድ ዲስክ ላይ ገልብጠህ ሰው ሲመጣ ላክልኝ። እህትህ ለገና ትመጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ አታጣም። ስቲም ላይ ብትገዛው እንዲህ ተገልብጦ የሚላክ ኢንስታለር አይሰጥህም ነበር።

ለራስህም አንድ ግዛ። እስከ አራት ሰው አብሮ ይጫወታል። እኔ ጋ ቅዳሜ ማታ ሶስት ሰዓት ሲሆን አንተ ጋ ገና ከምሳ በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ሥራ ከሌለህ ንገረኝ፣ መብራት ካልጠፋ እኔ አለሁ።

ያንተው፣
የሰፈርህ ልጅ